ሁለት ዘበኞች

ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ቤቴ፣
ቤት ስል ቢሮ ማለቴ፤
«ትርጉምና ጽሕፈት» ይል ነበር ከደረጃው ሥር የሰቀልኩት፣
«ፈት»ን ክረምቱ አጥቦ ወሰደው፤ እኔም እንዲያው ተውኩት።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፤ ዊንዶውስ ከብዶት ሲያቃስት
ሊኑክስ ጫንኩበትና ነፍስ ዘራ ባንድ ሌሊት።
ኢሜይሌ ግን በየጧቱ እንደ ቦይ ይሞላ ነበር፤
የማላውቀው ባለጸጋ ሞቶ፣ ጠበቃው ወራሽ ሲቸገር፣
ሳልቆርጥ ያሸነፍኩት የሎተሪ ዕጣ፣
ለሌለብኝ በሽታ መድኃኒቱ በርካሽ ሲመጣ።
ከቁርስ በፊት ሦስት ጊዜ ሚሊየነር እሆናለሁ፣
ከቁርስ በኋላ ግን ካከራዬ እደበቃለሁ።

ቅዳሜ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ፣
አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩና የይለፍ ቃሌን ሁለቴ ሳትኩ፤
በሦስተኛው ተቀበለኝ። ማጣሪያው ወረደ፣ ገባ፤
አዲስ ዘበኛ ቀጠርኩ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ሆዱ የማይባባ።
መመሪያው ግን «ቆይ» ይላል፤ «ጀማሪ ነው፣
ሁለት መቶ ደግ፣ ሁለት መቶ ክፉ ደብዳቤ ካላሳየሽው
አይፈርድም።»

ፈረድኩለት። አንድ በአንድ። ይሄ ፍሬ፣ ይሄ ገለባ።
ይሄ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ይሄ አጭበርባሪ፣ ሌባ።
ይሄ የእህቴ ልጅ ጥርስ ነው፣ በፎቶ የመጣ፣ የወለቀ፤
ይሄ «ውድ ወዳጄ ሆይ» ባይ፣ ስሜን እንኳ ያላወቀ።

ሲመሽ የሕንፃው ዘበኛ መጣ፣ ጋሽ ድንበሩ፣ ቁልፍ እያቅጨለጨለ።
«ምን ትሠሪያለሽ?»
«እንዳንተ ያለ ዘበኛ፣ ፊት አይቶ የሚመልስ።»
ሳቀ። «እኔ ፊት አላይም፤ ጫማ ነው የማየው» አለ።
«ያዲሳባ አጭበርባሪ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ።»

ሳጥኔ እሑድ ጧት ሆነ፣ እንደ ቸርችል ቁልቁለቱ፤
«ውድ» የሚል ሁሉ ታጉሮ ቀረ ከበረቱ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ልደመስስ ስል፣ በረቱን ገልጬ ባየው፣
ከሎተሪው ከመድኃኒቱ መሃል አንድ አማርኛ፤ ርእሱ «ገንዘብዎ እኔ ጋ ነው»።

«ውድ እመቤቴ ሆይ፣ ልሳኑ ነኝ፣ የውርሱ ፋይል ባለጉዳይ፤
ስድስት መቶ አርባ ብር ቀርቶብኝ አልነበረም ወይ?
ፍርዱ ቀናኝ። ልከፍል መጣሁ፤ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ክራቫት አስሬ፤
ዘበኛው ከላይ እስከታች፣ ይልቁንም ከታች፣ አይቶ መለሰኝ፤ ሄድኩ አፍሬ።
ስልክዎ አይነሳም። ስለዚህ ይኸው መጣሁ በሌላ በር፤
የሰው ገንዘብ ይቆረቁራል፣ ከኪስ ሲያድር።»

የማጣሪያውን ፍርድ ከፈትኩ። ከአምስት ነጥብ ያለፈ ይታጎራል፤
ልሳኑ፣ አምስት ነጥብ ሁለት። ምክንያቱንም ዘርዝሮታል፤
«ውድ» ላለው ይሄን ያህል፣ «ገንዘብ» ላለው ይሄን ያህል፣
«ፊደሉ እንግዳ ነው» ተብሎ ሁለት ነጥብ ተኩል።
እንግዳ! ሀ ሁ፣ በገዛ ደጁ፣ በገዛ አገሩ!
ስቄ ሳልጨርስ አፈርኩ። ካሳየሁት ሁለት መቶ ደግ
አማርኞቹን ቆጠርኩ፤
አስራ አንድ ነበሩ።

ወሰኑን ወደ ሰባት አነሣሁ፤ ማሽኑን «ከዚህም ተማር» አልኩት፣
በታመኑት መዝገብ ላይ ልሳኑን በእጄ ጻፍኩት።
ለጋሽ ድንበሩስ ምን ልበል? እሱ ጥቁር መስኮት የለው፣
ትእዛዝ ጽፌ፣ የይለፍ ቃል ሰጥቼ፣ አመሉን እንዳስተካክለው።

ከታች ወያላው «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል። መልሱን ጻፍኩ፤
«ሰኞ ይምጡ። ክራቫቱን እንዳሻዎ ያድርጉ፤
ጫማዎን ግን፣ እባክዎ፣ ሳያስጠርጉ።»